ወደ ኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ጉዞ፦ ረቂቁን አብረን እናርመው

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ የተነሳውን፣ የካሪቢያን ሰዎች የጀመሩትን የጎዳና በዓል (ካርኒቫል) ለማየት የታሰበውን የለንደን ጉዞ ጠቅላላ ጉባኤው ፊት ከማቅረባችን በፊት እዚህ እናብስለው። የመጀመሪያው ረቂቅ አጭር ነው፦ እሑድ ነሐሴ 24 (ኦገስት 30) ከሊድስ አንድ አውቶቡስ ተከራይተን እንሄዳለን፣ ማታ እንመለሳለን። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ስለሚፈታ በምግብ በኩል ችግር የለም። ተቃውሞ ያለው ይጻፍ፤ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል።

የእናቶች ተጠሪ፦ ልጄ፣ ቀኑን ስትመርጪ የግድግዳውን ካላንደር ያየሽ አልመሰለኝም። ነሐሴ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዓመታዊ በዓል ነው፣ ያውም እሑድ። ቅዳሴ አስታጉለን ጭፈራ ልናይ? ደግሞ በፈረንጆቹ 2024 እዚያው ጥቃት ደርሶባቸው ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ አንዷ ልጇን ይዛ የሄደች እናት ነበረች። ማኅበሩ ለአስረሽ ምቺው ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አልገባኝም።

የወጣቶች ተጠሪ፦ እትዬ፣ የበዓሉን ነገር አላስተዋልንም፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቀኑን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። አስረሽ ምቺው ስለሚለው ግን ትንሽ ይፍቀዱልኝ።

ካርኒቫሉ የተወለደው ከመከራ ነው። በ1958 ኖቲንግ ሂል ውስጥ ነጭ ወጣቶች የካሪቢያን ስደተኞችን በየመንገዱና በየቤታቸው ያጠቁ ነበር። ክላውዲያ ጆንስ የምትባል የትሪኒዳድ ተወላጅ ጋዜጠኛ (አሜሪካ በኮሚኒስትነቷ ያባረረቻት ሴት ናት) በጃንዋሪ 1959 ሴንት ፓንክራስ አዳራሽ ውስጥ ካርኒቫል አዘጋጀች። ጥቃት ለደረሰበት ሕዝብ ኀዘን ሳይሆን ዘፈን ሰጠችው። ክረምት ስለነበር አዳራሽ ውስጥ ሆነ እንጂ መንገድ ላይ የወጣው በ1966 ነው፤ ሮን ላስሌት የተባለች የሰፈሩ ሴት ለልጆች ባዘጋጀችው ዝግጅት ላይ የራስል ሄንደርሰን ቡድን የብረት ከበሮውን እየመታ ከቦታው ተነሥቶ ጎዳናውን ያዘ፣ ሕዝቡም ተከተለው። ከበሮው ራሱ ትሪኒዳድ ውስጥ ከተጣለ የነዳጅ በርሜል የተሠራ ነው። ልጆቻችን ይህን ቢያዩ ምን ይጎዳቸዋል?

ስለ ጸጥታው እውነትዎን ነው፤ አላቃልለውም። በየቀኑ ወደ 7,000 ፖሊስ ይሰማራል፣ ግን ከፖሊሱ ይልቅ የሚያድነን ሰዓታችን ነው። እሑድ የቤተሰብ ቀን ነው፤ ሰኞ ሕዝቡ ይብሳል። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከወጣን ከጭንቁ እናመልጣለን።

ገንዘብ ያዥ፦ የጠዋት ነው የማታ? በማን ሰዓት ነው የምትጽፈው? ባለፈው ሽርሽር ላይ "12 ሰዓት እንነሣለን" ተብሎ ግማሹ ሰው ንጋት ላይ፣ ግማሹ እኩለ ቀን መጣ። ከአሁን በኋላ ሁሉም በእንግሊዝ ሰዓት ይጻፍ።

የወጣቶች ተጠሪ፦ 16:30። ይቅርታ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሌላም አለኝ። ለንደን ድረስ አራት ሰዓት የምንጓዘው የራሳችን ከተማ ካርኒቫል ሳይኖራት ነው? ቻፔልታውን ፖተርኒውተን ፓርክ ውስጥ ከ1967 ጀምሮ ይደረጋል፣ ከኔቪስ የመጣው አርተር ፍራንስ የመሠረተው። ሰኞ ነው፣ መግቢያው በነፃ፣ ከቤቴ በእግር 20 ደቂቃ። ስንቶቻችን ሄደን እናውቃለን?

የሽማግሌዎች ተወካይ፦ እኔ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንድ ድሬድ (የተገመደ ፀጉር) ያለው ራስታ፣ ጃንሆይን እንደ አምላክ ከሚያዩት፣ ከየት እንደሆንኩ ጠይቆ "ኢትዮጵያ" ስለው እጄን ሳመኝ። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

ጃንሆይ በኤፕሪል 1966 መጀመሪያ ትሪኒዳድ፣ ቀጥለው ጃማይካ ሄደዋል። ኪንግስተን ላይ ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለከበበው ወዲያው መውረድ አልቻሉም። እንግዲህ የለንደኑ ከበሮ መንገድ የወጣው በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። እኔ እንኳ "መሬት ለአራሹ" ብዬ ከወጡት ነኝ፣ ስለ ንጉሡ ያለኝ ሐሳብ ሌላ ነው። ነገር ግን ሰው በሠፈሩ በክብር ሲቀበላችሁ በእኛ አቆጣጠር የ1966ቱን የአብዮት ክርክር እዚያ አትክፈቱ። ልጆቹም ይነገራቸው፦ ራስታዎቹ ለፎቶ አይደለም የቆሙት፣ እምነታቸው ነው።

አንድ አባል፦ ባንዲራስ? የትኛውን እንይዛለን?

ጸሐፊ፦ ምንም። በዚህ ጉዳይ ሦስት ስብሰባ ፈርሷል፣ አራተኛውን አላፈርስም።

የወጣቶች ተጠሪ፦ እኛ ባንይዝም እነሱ ይዘውልናል። የሬጌ ድምፅ ማጉያዎቹ ያሉበት መንገድ ሁሉ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው።

ሌላ አባል፦ የምግቡን ነገር ለእኛ ለሙስሊሞቹ ደግሞ አስቡ። ጀርክ (የጃማይካ የቅመም ጥብስ) ሁሉ ዶሮ አይደለም፣ የአሳማም አለ። ሥጋውንም ሐላል መሆኑንም ጠይቆ መግዛት ነው። አሳማውን እናንተም ስለማትበሉ፣ እዚህ ላይ ሳንጣላ ግማሹን አብረን እንጠይቃለን። ከልጅነቴ የማውቀውን የሚያስታውሰኝ የበቆሎው ጥብስ ነው፣ እሱ አያከራክርም።

የወጣቶች ተጠሪ፦ ስለ መንገዱ፦ ላድብሮክ ግሮቭ ባቡር ጣቢያ በካርኒቫሉ ይዘጋል፤ አውቶቡሳችንም ሰፈሩ ውስጥ አይገባም፣ ራቅ ብሎ ያወርደናል። ስልክ ይጨናነቃል፣ ስለዚህ የጠፋ ሰው የት እንደሚጠብቅ በወረቀት ይጻፍለት። ለሕፃናት የጆሮ መከላከያ ግዴታ ይሁን። የድምፅ ማጉያው ደረት ያንቀጠቅጣል፣ አላጋነንኩም። ሽንት ቤት ነዋሪዎች በክፍያ ያስገባሉ፤ ሳንቲም ያዙ።

አንድ ነገር ግን ረቂቁ ውስጥ እንዲገባ እለምናለሁ። ልክ 15:00 ላይ ሙዚቃው በሙሉ ለ72 ሴኮንድ ይቆማል። በፈረንጆቹ 2017 በግሬንፌል ሕንፃ ቃጠሎ ላለቁት 72 ሰዎች ነው። ሕንፃው ከካርኒቫሉ አጠገብ ነው። ከሟቾቹ መካከል የእኛና የኤርትራ ቤተሰቦች አሉ። ያን ሰዓት ተበታትነን ምግብ ስንገዛ እንዳንገኝ፣ አንድ ላይ እንቁም።

የእናቶች ተጠሪ፦ ይህን መጀመሪያ አትጽፍም ነበር?

ጸሐፊ፦ ሁለተኛው ረቂቅ፦ እሑድ ለንደን መሄድ የሚፈልግ ይሄዳል፤ 06:00 ንጋት መነሻ፣ 16:30 መውጫ፣ 15:00 ላይ ሁላችንም አንድ ቦታ። አራት ልጅ በአንድ ኃላፊ። ቅዳሴ የማይቀርበት በዓሉን እዚህ ያክብር፤ ሰኞ ነሐሴ 25 ሁላችንም ፖተርኒውተን ፓርክ እንገናኛለን፣ የሄደውም ያልሄደውም። ባንዲራ የለም። የጠርሙስ መጠጥ የለም። ለአዋቂ 25 ፓውንድ፣ ለልጅ 10፤ ልዩነቱን ማኅበሩ ይሸፍናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ከ40 ሰው በታች ከሆነ አይሸፍንም። ይህ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ ተጻፈ።

የእናቶች ተጠሪ፦ ሰኞ እመጣለሁ፣ ድፎ ዳቦውም የኔ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለ72ቱ ሻማ አበራለሁ። የልጆቹን ኃላፊዎች ስም ግን እስከ ሐሙስ ልየው፤ እኔ ሳላየው ማንም ሕፃን አውቶቡስ አይወጣም።