ሰማያዊው ነጭ ሆነ፣ ማግኔቱም መሳቡን አልተወም፦ ፊዚካላዊ ነው ወይስ ኬሚካላዊ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የፊዚካላዊና የኬሚካላዊ ለውጥ የላቦራቶሪ ሥራ እያዘጋጀሁ ነው። አስቀድሜ ስሞክረው ሁለቱ አስቸገሩኝ።

አንደኛ፣ 5 ግራም ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ክሪስታል በሙከራ ቱቦ ሳሞቅ ነጭ ዱቄት ሆነ፤ የቱቦው አፍ አካባቢ ውሃ አዘለ። ከቀዘቀዘ በኋላ ጥቂት የውሃ ጠብታ ስጨምርበት እንደገና ሰማያዊ ሆነ። ወደነበረበት ስለተመለሰ ፊዚካላዊ ልበለው? ታች በኩል ደግሞ የማይለቅ ጥቁር ነገር አለ።

ሁለተኛ፣ 5 ግራም የብረት ዱቄትና 2 ግራም ድኝ ቀላቅዬ አሞቅሁ። ጥቁር ጠጣር ወጣ፤ ማግኔት ግን አሁንም ይስበዋል። መሳብ አልነበረበትም። ስህተቱ የት ላይ ነው?

መልስ፦ የላብ ቴክኒሻን

መምህር፣ ከሁለተኛው ልጀምር፤ ችግሩ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። ብረትና ድኝ የሚዋሃዱት በ7 ለ4 የክብደት ምጣኔ ነው (የአቶም ክብደታቸው 56 ለ32 ስለሆነ)። 2 ግራም ድኝ 3.5 ግራም ብረት ብቻ ይፈልጋል፤ የቀረው 1.5 ግራም ብረት ብረትነቱን እንደያዘ ጥቁሩ ውስጥ ተቀምጧል። ማግኔቱ የሚስበው እሱን ነው።

ልክ 3.5 ለ2 ቢመዝኑም ከድኙ የተወሰነው ተንኖ ስለሚያመልጥ ብረት መትረፉ አይቀርም። ስለዚህ ለ3.5 ግራም ብረት 2.2 ግራም ያህል ድኝ ያድርጉ። ለተማሪዎች የዚህ ግማሽ ይበቃል። ብረቱ የላመ ዱቄት ይሁን፤ ሻካራ ከሆነ ላዩ ብቻ ተዋህዶ ውስጡ ብረት ሆኖ ይቀራል። ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መልክ እስኪይዝ ይቀላቅሉትና ከቱቦው ሩብ እንዳያልፍ አድርገው ይጨምሩ። የድኙ ትነት ወጥቶ እንዳይቀጣጠል አፉን በግላስ ዉል (ጥጥ በሚመስል የመስታወት ክር) ይድፈኑት።

አሁን ዋናው ነገር፦ ታችኛውን ጫፍ ብቻ ያሙቁ፤ ፍም መስሎ መቅላት ሲጀምር እሳቱን ያንሱ። ቅላቱ ያለ እሳት በራሱ ወደ ላይ ከተጓዘ ውህደቱ ተጀምሯል፤ ሙቀቱን የሚሰጠው ራሱ ለውጡ ነው። ቅላት ሳይታይ ቡናማ ፈሳሽ ብቻ ከሆነ ግን ድኙ ቀለጠ እንጂ አልተዋሃደም። ድኝ በ115 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ይጠቁራል። ብዙ ተማሪዎች ያንን አይተው «ጠቆረ፣ ኬሚካላዊ ነው» ብለው ይጽፋሉ።

ማግኔቱን በላስቲክ ይጠቅልሉት፤ ዱቄት ከያዘ ማጽዳቱ ከባድ ነው። ተራ ማግኔት ይጠቀሙ፤ በጣም ኃይለኛው በላቦራቶሪ የተሠራውን ብረት ሰልፋይድም (ጥቁሩን የብረትና የድኝ ውህድ) ትንሽ ሊስብ ይችላል።

መልስ፦ ኬሚስት

ስለ መዳብ ሰልፌቱ። መመለስ መቻሉ ፊዚካላዊ አያደርገውም። መጠየቅ ያለበት አዲስ ነገር ተፈጥሯል ወይ የሚለው ነው። በሰማያዊው ክሪስታል ውስጥ ለእያንዳንዱ የመዳብ አዮን አምስት የውሃ ሞለኪውል አለ፤ አራቱ በቀጥታ ከመዳቡ ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ ሰማያዊነቱም ከእነሱ ጋር የመጣ ነው። ሙቀቱ ያንን ትስስር ይበጥሰዋል። ነጩ ዱቄት ሌላ ውህድ ነው።

በሚዛን ያሳዩዋቸው፦ 5 ግራሙ ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲወጣ 3.2 ግራም ይሆናል፤ 1.8 ግራም ውሃ ነው። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ሲመዘን አንድ ዓይነት ቁጥር እስኪሰጥ ድረስ ማሞቅ ያስፈልጋል። ውሃ ሲጨምሩበት ደግሞ ቱቦውን ከውጭ ይንኩት፤ ይሞቃል።

ጥቁሩ ከመጠን በላይ መሞቁን ያሳያል፤ ሰልፌቱ ራሱ ፈርሶ መዳብ ኦክሳይድ ሆኗል። ውሃ ቢያፈሱበት ሰማያዊ አይሆንም፤ የሚወጣው ጋዝም ጉሮሮ ይቆጣል። እሳቱን ይቀንሱ፣ ቱቦውን ያንቀሳቅሱት፣ አፉን ትንሽ ወደ ታች ያዘንብሉት። ጤዛው ወደ ትኩሱ መስታወት ከተመለሰ ቱቦው ይሰነጠቃል።

መልስ፦ የፈተና አዘጋጅ

በዚህ እስማማለሁ፤ ግን የክሪስታል ውሃ መውጣትን ፊዚካላዊ ብለው የሚመድቡ መምህራን አሉ። ስለዚህ «እውነት ወይስ ሐሰት» አድርገው አይጠይቁት፤ ማስረጃውን እንዲጽፉ ያድርጉ።

ከጎኑ ዚንክ ኦክሳይድ ቢያስቀምጡ ትምህርቱ ይደምቃል። 1 ግራም ነጭ ዱቄት አሙቁ፤ ቢጫ ይሆናል። ሲቀዘቅዝ ነጭ ይሆናል። ይህም ቀለሙን ቀይሮ ተመለሰ፤ ሚዛኑ ላይ ግን የጎደለ የለም፤ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ተማሪ ቀለምን ብቻ አይቶ አይፈርድም።

ጠያቂው

እጅግ አመሰግናለሁ። በ3.5 ለ2.2 ደገምኩት፤ ቅላቱ በራሱ ተጓዘ፣ ማግኔቱም ተወው። አንድ ቀረኝ፦ ለአረፋ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶን ከአምቦ ውሃ ጋር ላወዳድር ነበር። የሁለቱም ጋዝ የኖራ ውሃን አደፈረሰ። እንዴት ልለያቸው?

መልስ፦ ኬሚስት

የኖራ ውሃ ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን እንጂ መቼ እንደተፈጠረ አይነግርዎትም። የአምቦው ጋዝ በግፊት ሟሙቶ የቆየ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ወጣ። የሶዳው ግን በዚያች ቅጽበት ተሠራ። ለፊዚካላዊ አረፋ የፈላ ውሃ ይሻላል፤ ትነቱ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ መልሶ ውሃ ይሆናል።

ለሶዳው፣ 1 ግራም ላይ 20 ሚሊ ሊትር አቼቶ ያፍስሱ (5 በመቶ ከሆነ ከ15 ሚሊ ሊትር ያነሰ ይበቃል፤ ትርፉ ሶዳው እንዳይቀር ነው)። አረፋው ሲያቆም ቀስ ብለው ያትኑት። በቀረው ነጭ ደረቅ ነገር ላይ አዲስ አቼቶ ጠብ ያድርጉ፤ አረፋ አይወጣም። ሶዳው የለም ማለት ነው።

መልስ፦ የላብ ቴክኒሻን

አንድ ማስጠንቀቂያ። ብረት ሰልፋይዱን በአሲድ ለመፈተን ካሰቡ ተማሪ አያድርገው። ምስር የምታክል ቁራጭ ላይ አምስት ጠብታ በውሃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይበቃል። ያልሞቀው ድብልቅ ሃይድሮጅን ይሰጣል፤ ውህዱ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣል፤ መርዛማ ነው። ሽታው ቢጠፋም ጋዙ አለቀ ብለው አይዘናጉ፤ አፍንጫ ይደነዝዛል። መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት ጠፍቶ፣ ከተቻለ በጋዝ መምጠጫው ሥር ይሥሩት፤ እንዳበቃም ቱቦውን ወዲያው በብዙ ውሃ ይሙሉት።