ክርክር፦ ሰፊ መንገድ ላይ የእግረኛ ድልድይ ይሠራ ወይስ ዜብራ?

አወያይ፦ እንዴት ዋላችሁ? የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። ስድስት መኪና ጎን ለጎን የሚሄድበት የከተማ መንገድ አለ። እግረኛው በድልድይ ይሻገር ወይስ መኪናው ቆሞለት በዜብራ ይለፍ? ስድብ ክልክል ነው።

ሹፌሩ፦ ይሄ ምን ያከራክራል? ድልድይ ነዋ! ዜብራ ቀለም ነው፣ ቀለም መኪና አያቆምም። የሚያናድደው ድልድዩ ተሠርቶም ሰው ከሥሩ ይሮጣል። ስንፍና ነው።

መሐንዲሷ፦ ስንፍና አይደለም ወንድሜ፣ ሂሳብ ነው። ከባድ መኪና እንዲያሳልፍ ድልድዩ 5 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ወደ 30 ደረጃ መውጣት፣ እንደገና 30 መውረድ። 20 ሜትር ለመሻገር! በቀጥታ ቢሄድ 17 ሰከንድ ይበቃዋል። ዕቃ ተሸክመህ አንዴ ሞክረው እስቲ።

ባለዊልቸሩ፦ እናንተ ስለ ደረጃ ታወራላችሁ። እኔ ደረጃ አልወጣም። «ራምፕ ይሠራልሃል» ትሉኝ ይሆናል። ለዊልቸር የተለመደው ተዳፋት 1 ለ12 ነው፤ 1 ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሜትር መንገድ። ለ5 ሜትር ከፍታ 60 ሜትር ራምፕ ማለት ነው፣ ማረፊያው ሳይቆጠር። በሁለቱም በኩል 120። በራምፕ ፈንታ ሊፍት ቢገባም፣ የተበላሸ ቀን ማዶ ቀረሁ።

ሹፌሩ፦ ያንተስ ይገባኛል፣ እውነቴን ነው። ግን ለሁሉም እየቆምን መቼ ልንደርስ ነው?

መምህርቷ፦ ትንሽ ቆይቶ መድረስ ይሻላል። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዳህ 15 ሜትር ፊትህ ልጅ ዘው ቢል፣ እግርህ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ብቻ 14 ሜትር ተጉዘሃል። በ30 ብትነዳ ግን ሳትነካው ትቆማለህ። እኔ የሚያሳስበኝ ከድልድዩ በላይ ይሄ ነው።

ባለሱቁ፦ ሁላችሁም ረሳችሁኝ። ፍጥነት ቀንሱ፣ እግረኛ መንገድ አስፉ እያላችሁ ደንበኛዬ መኪናውን የት ያቁም?

መሐንዲሷ፦ የዴንማርኳ ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. በ1962 ስትሮየት የሚባለውን የገበያ መንገድ ለመኪና ስትዘጋ ነጋዴዎቹ ያሉት ይህንኑ ነበር። መንገዱ እስከ ዛሬ የእግረኛ ነው፣ ገበያውም ደርቷል። የሚገዛው እኮ መኪናው አይደለም።

ባለሱቁ፦ እዚያ በየጥቂት እርምጃው በርና መስኮት አለ። እኔ ፊት ለፊት ያለው ሕንጻ ምድር ቤቱን በሙሉ ለመኪና ማቆሚያ አድርጎ በግንብ ዘግቶታል። ሲመሽ ማንም በዚያ በኩል አያልፍም። እግረኛ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሕንጻ የሚነድፉትን ያዙልኝ።

አወያይ፦ ይሄኛው ራሱን የቻለ ክርክር ይወጣዋል። ወደ ድልድዩ እንመለስ።

መሐንዲሷ፦ ባለሱቁ ልክ ናቸው ግን። ድልድዩን በተመለከተ፣ ባቡር ሐዲድና መኪና የማይቆምበት ፈጣን መንገድ ላይ እኔም ድልድይ እላለሁ። ከተማ ውስጥ ግን መብራት፣ ዜብራ፣ መሃል ላይ ደግሞ እግረኛው ቆሞ የሚጠብቅበት ማረፊያ ደሴት። እግረኛው በአንድ ጊዜ ሦስት ረድፍ ብቻ ይሻገራል።

ሹፌሩ፦ መብራት ካለ እሺ። ሰፈር ውስጥም 30 ይሁን። ዋና መንገድ ላይ ግን ድልድይ እንዳልኩ ነኝ።

ባለዊልቸሩ፦ መብራቱም ቢሆን ለማን እንደተሞላ ይታይ። ብዙ ቦታ በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው ታስቦ ነው። በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚሄዱ አዛውንት ለ20 ሜትሩ 25 ሰከንድ ይፈልጋሉ። በ17ኛው ሰከንድ ገና 6 ሜትር ይቀራቸዋል፣ አንተ ደግሞ አረንጓዴ በርቶልሃል።

ሹፌሩ፦ ጥሩምባ አልነፋም፣ ቃሌ ነው። ድልድዩን ግን አልተውኩም።