ብዙ የተነበበ ሁሉ በደንብ የተጻፈ ነው?

መጽሐፍ አከራዩ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ሂርማታ ገበያ አካባቢ መጽሐፍ በማከራየት የምተዳደር ሰው ነኝ። ማን ምን ወስዶ መቼ እንደ መለሰ በምመዘግብበት ደብተር ከሁሉ በላይ የተመላለሰው አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ሲሆን፣ እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም የተውሁት ነው። በአንጻሩ ቋንቋው እጅግ የሚማርከኝ አንድ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል አቧራ ጠጥቶ ከረመ። የአንባቢ ብዛት የጽሑፍን ጥራት ይናገራል ወይስ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ?

የቆጪው መምህር፦
ወንድሜ፣ ብዛት የሚናገረው ጽሑፉ ስንት ሰው ዘንድ እንደ ደረሰ ነው፤ ያደረሰው መንገድ ግን ከጽሑፉ ውጭ ሊሆን ይችላል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሳይቀር ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጆች አወቃቸው። ትረካው ግን በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት ቃል አልለወጠም። በ1962 ዓ.ም. የወጣው «አደፍርስ» ደግሞ አጻጻፉ ብዙ አንባቢ ያደክማል፤ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ግን ከላቁት ሥራዎች ይቆጥሩታል። (ለእኔም የገባኝ በሁለተኛው ንባብ ነው።)

ቡና ቀማሽ፦
በመምህር ሐሳብ እስማማለሁ። እኛ ለቡና ደረጃ ስናወጣ ከ100 ነጥብ 40ውን ለጥሬው፣ 60ውን ለቅምሻው እንሰጣለን፤ ናሙናው የሚቀርብልን በመለያ ቁጥር ስለ ሆነም የማን እንደ ሆነ አናውቅም። መጽሐፍ ግን ከነሽፋኑና ከነደራሲው ስም ስለሚቀርብ፣ ሰው ገና ሳይቀምሰው ፈርዶ ይጨርሳል። ሁለቱንም በጋዜጣ ሸፍነው ቢያከራዩአቸውስ?

አዌቱ ዳር፦
ደንበኛዎ ነኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ልከራከር። በክረምት ማታ መብራት ሲጠፋ በሻማ የማነበው ሰው፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ የሚያጓጓኝን መጽሐፍ እመርጣለሁ፤ ማጓጓትም የጸሐፊ ችሎታ ነው፣ አይናቅ። ደብተርዎ የሚቆጥረው መጽሐፉ መውጣቱን እንጂ ተነብቦ ማለቁን ስላልሆነ፣ ገጾቹን ገለጥ አድርገው ይመልከቱ።

መጽሐፍ አከራዩ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ አየኋቸው። የፍቅር ልብ ወለዱ ጠርዙ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ በጣት ጠቁሯል፤ እኔ ሁልጊዜ የማቆመው ገና ገጽ 40 ላይ ነበር። የመድበሉ ግን የመጀመሪያው ታሪክ ብቻ ነው የቆሸሸው፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ነጭ ነው። እኔ የምወደው አራተኛው ታሪክ ዘንድ የደረሰች ቢኖር እኅቴ ናት፣ እርሷም ሳትከፍል ነው የወሰደችው። ጋዜጣውን ነገ እገዛለሁ፤ መድበሉንም ከአራተኛው ታሪክ ጀምሩት ብዬ አከራየዋለሁ።