በልጆች መጽሐፍ ስዕል እንጀራ ይበላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ። ታናሽ እህቴ 11ኛ ክፍል ናት፣ ደብተሯን ከፍታችሁ ብታዩት የጓሳ ጭላዳ ብቻ ነው፣ ጭላዳው ጋቢ ለብሶ፣ ጭላዳው ገብስ ሲያጭድ። አባባ ደግሞ "ስዕል ምን ሊሆንሽ" ይላታል። ቶቬ ያንሰን የምትባል የፊንላንድ ሰዓሊ አለች ትለኛለች፣ እውነት በስዕል ሥራ እንጀራዋን በልታ ኖራለች?

የመንዝ ልጅ፦ ኧረ በደንብ! 1914 በፈረንጅ ሄልሲንኪ ተወለደች፣ አባቷ ቀራፂ እናቷ ደግሞ የፖስታ ቴምብር ሳይቀር የምትስል ሰዓሊ፣ እና በልጅነቷ ነው ብሩሽ የያዘችው። ግን በአንዴ አልተሳካላትም፣ ጋርም የሚባል የፌዝ መጽሔት ላይ ከ1929 እስከ 1953 ስትስል ነበር፣ ሂትለርን ሁሉ እያሾፈችበት። ሙሚን የምትላቸው ጉማሬ የሚመስሉ የተረት ፍጡሮቿ መጽሐፍ ሆነው የወጡት 1945 ነው።

ጠያቂ፦ እና ብሩ ከየት መጣ?

ቀለሜዋ፦ ከጋዜጣ ነዋ። 1954 ላይ ለአንድ የለንደን ጋዜጣ የሙሚን ካርቱን መሳል ጀመረች፣ ቋሚ ገቢ አገኘች ግን በየቀኑ ማድረስ አሰለቻት፣ በኋላ ወንድሟ ላርስ ካርቱኑን ተረከበላት። 1966 ለልጆች መጽሐፍ የሚሰጠውን የአንደርሰንን ሽልማት ወሰደች። እህትሽ ጭላዳዋን አትተው በያት፣ ጋቢውን ሳስበው ራሱ ሳቄ መጣ 😂

የመንዝ ልጅ፦ ብርዱስ ቢሆን፣ ደብረ ብርሃን ከፊንላንድ በምን ያንሳል

ጠያቂ፦ 😂😂 ለአባባ ዛሬ ማታ ቡና ላይ አነብለታለሁ