ወንድሜ እየደማ ከኋላው የመጣችውን አስቀደሙ፣ ይሄ ልክ ነው? (ጅማ)

የቆጪ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ድንገተኛ ክፍል የሚሰራ ሰው ካለ እባካችሁ መልሱልኝ ነገሩ ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል። ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜ አጂፕ ጋ የተሳፈረባት ባጃጅ ተገለበጠችና ቅልጥሙን ቆርቆሮው ቆረጠው፣ ሰዎች ተሸክመው ቤት አመጡት። እኔ ስደርስ ጎረቤታችን እማማ የተወቀጠ ቡና በእፍኛቸው ቁስሉ ላይ ጠቅጥቀውበታል፣ ደሙ ግን በቡናው ስር ቁልቁል ይወርዳል። ሆስፒታል ስንደርስ በር ላይ ያለችው ነርስ ጣቱ ላይ የሆነ ነገር ሰካች፣ ግፊቱን ለካች፣ ጎዝ ደራርባ በፋሻ ጥብቅ አርጋ አሰረችውና ቢጫ ወረቀት ሰጥታን ቁጭ በሉ አለች። 50 ደቂቃ ጠበቅን! በዛ መሀል አንዲት ወጣት ባሏን ተደግፋ መጣች፣ ደም የለ ጩኸት የለ፣ ቀጥታ አስገቧት። ዘመድ ቢኖራት ነው ብዬ ነርሷ ላይ ጮህኩባት። አሁን ተሳስቼ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ደሞ ቡናውን ያየው ሀኪም በጣም ነው የተናደደው፣ እኛ ሰፈር ሁሉም የሚያረገው ነገር እኮ ነው።

ሲስተር ማታ ተረኛ

እህቴ እንኳን ወንድምሽን እግዜር አተረፈልሽ። ያ ቢጫ ወረቀት ትሪያጅ የምንለው ነው፣ ማን ቀድሞ መጣ ሳይሆን ማን ቀድሞ ሊሞት ይችላል ብለን የምንለይበት። ቀይ ወዲያው ይገባል፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰአት፣ አረንጓዴ በ4 ሰአት ውስጥ። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ መመዘኛ ነው፣ ትንፋሹ የልብ ምቱ ግፊቱ ሙቀቱ ንቃቱ መራመድ መቻሉ እየታየ ነጥብ ይያዛል፣ 7 ከሞላ ቀይ ነው። ደሙ አልቆም ያለ ሰው ብርቱካናማ ነው፣ የቆመለት ቢጫ። ስለዚህ ነርሷ ፋሻውን ስታስርለት ህክምናው ተጀምሯል ማለት ነው፣ 50 ደቂቃውም ከ1 ሰአቱ አላለፈም።

ልጅቷን አላየኋትም፣ ግን እንደሷ ሆነው የመጡ አይቻለሁ። ከንፈሯ ነጭ ነው፣ እጇን ስትይዢው ቀዝቃዛና ላብ ያለው፣ የልብ ምቷ 130፣ ምን ሆንሽ ስትያት "ሆዴን ትንሽ" ነው የምትልሽ። ከማህፀን ውጪ የተረገዘው ፈንድቶ ሆዷ ውስጥ እየደማች ነው፣ ጠብታ ደም ውጪ አታይም። ወንድምሽ ሲያቃስት ቢያንስ ትንፋሹ እንዳለ እንሰማለን፣ እኛን የሚያስፈራን ዝም ያለው ነው።

ለምን እንደምትጠብቁ ግን ሊነገራችሁ ይገባ ነበር፣ በዛ እውነት አለሽ። ደሞ ወረቀቱ የመጨረሻ አይደለም፣ እየጠበቃችሁ ቢገረጣ፣ ቢያልበው፣ ንግግሩ ቢቀየር ወይ ደሙ ፋሻውን ካለፈ ሮጣችሁ ንገሩ፣ ድጋሚ ይለካል።

ቡናውን ግን እባካችሁ ተዉት። ጅማ ላይ ቡና ከቤት ስለማይጠፋ እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደሱ ነው፣ እማማም ልጁን ሊያድኑ ነው። ግን ዱቄቱ ደሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም፣ ቆሻሻ ይዞ ይገባል፣ እኛ ደግሞ ያንን ከስጋው ውስጥ አጥበን ለማውጣት ቁስሉን እንደገና መክፈት አለብን። ንፁህ ነጠላ ወይ ፎጣ አጥፋችሁ በመዳፍ ጫን፣ በደንብ ጫን፣ 10 ደቂቃ ሳትነሱ። ቆመ ወይ ብላችሁ እየገለጣችሁ አትዩ፣ የረጋውን ታፈርሱታላችሁ። ጨርቁ ከራሰ በላዩ ሌላ ጨምሩ፣ የመጀመሪያውን አታንሱት።

የሰርቦው

ሲስተር እግዜር ይስጥሽ። እኔም ልጨምር፣ የአጎቴ ልጅ ክንዱ ተሰብሮ ወገሻ ጋ ወስደነው በሸምበቆ ጠፍሮ አሰረው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ሊጠገን ነው ቻለው ብለን አሳደርነው፣ በ3ኛው ቀን ጣቶቹ ጠቆሩ። እጁ ተቆረጠ። 11 አመቱ ነበር። ጣት ከቀዘቀዘ ወይ ከደነዘዘ እስራቱን ፈታችሁ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ደም እንዲቆም ከቁስሉ በላይ በገመድ ማሰርስ እንዴት ነው?

ሲስተር ማታ ተረኛ

ወይኔ ልጁን፣ በጣም ያሳዝናል። የገመዱ ነገር፣ ተጭናችሁ ተጭናችሁ እምቢ ካለና ደሙ እየተረጨ ከሆነ ብቻ ነው፣ እሱም እጅና እግር ላይ። ገመድ ወይ ሽቦ ስጋውን ይቆርጣል፣ ሰፋ ያለ ጨርቅ ይሁን፣ ከቁስሉ 4 ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ጉልበትና ክርን ላይ ሳይሆን። ያሰራችሁበትን ሰአት በእስኪርቢቶ ግንባሩ ላይም ቢሆን ፃፉ፣ እኛ ጋ እስክትደርሱ አትፍቱት። አንገቱን ወይ ጀርባውን ያመመው ሰው ደሞ እጅና እግሩን ይዛችሁ ባጃጅ ውስጥ አታስገቡ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ እሱን ደውሉ።

የቆጪ ልጅ፣ የቴታነስ መርፌ ተወጋ?

የቆጪ ልጅ

ተወግቷል ሲስተርዬ፣ ሁለተኛውን ከ4 ሳምንት በኋላ ብለውታል። ዛሬ ፋሻ ሊቀየርለት ስንሄድ ነርሷን ፈልጌ አጣኋት፣ ማታ ነው የምትገባው አሉኝ፣ ተመልሼ እሄዳለሁ ይቅርታ ልላት። ስፌቱ ደህና ነው፣ ጠርዙ ላይ ግን አንድ ሁለት ጥቁር ነጥብ ቀርቷል፣ ቡናው ነው። ለእማማ አሳየኋቸው፣ ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና "ነጠላ ነው ያልሽው?" አሉኝ።