ልጄ ከአያቷ ጋር ነው የምትውለው፤ ቤት ውስጥ እንዴት እናግዛት?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የ5 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ኬጂ 2 ናት። ትምህርት ቤቷ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ርዕስ ይይዛል። «ቤተሰቤ» እና «ውሃ» አልፈው አሁን «ምግባችን» ላይ ናቸው። መምህርቷ በዚያው ርዕስ ቤት ውስጥ እንድናግዝ ጠይቃናለች። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን ከሥራ የምገባው ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ከእሷ ጋር የምትሆነው እናቴ ናት። እናቴ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም፤ «እኔ ምን አውቄ ነው የማስተምራት?» ትላለች።

ቅዳሜ ዕለት እናቴ በሰፌድ ምስር ትለቅማለች። ልጄ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጠጠሩን እየተቀበለች ሲኒ ውስጥ ትጥላለች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» ስድስት ስትደርስ «ሰቨን» ብላ ቀጠለች። እናቴ ግራ ገብቷት አየችኝ። ከዚያ ልጅቷ ትልልቁን ጠጠር ለብቻ፣ ትንንሹን ለብቻ አደረገች። ማንም አላዘዛትም። ደብተር ላይ 6ን ጻፊ ስንላት እኮ ታለቅሳለች!

የቸገረኝ እዚህ ላይ ነው። እናቴ እንዲህ ያለው ሥራ ትምህርት መሆኑን እንድታምን ምን ልበላት? ከምስር ለቀማ ሌላ ምን አብረው ይሥሩ? ሽንኩርት መላጥ፣ ጎመን መቀንጠስ አስቤያለሁ፤ እሳትና ቢላ አጠገብ ግን እንድትደርስ አልፈልግም። ቁጥሩንስ በሁለት ቋንቋ ስትቀላቅለው ላርማት ወይስ ዝም ልበል? በአያት እጅ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ወይም ኬጂ የምታስተምሩ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ርዕሱ የሚያልቀው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።