ለአሮጌ ቮልስ እድሳት የሚሆኑ ብሎኖችና ዳዶዎች ከየት ይገኛሉ?

ጠያቂ፦ የአባቴ ቮልስ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል የሆነችውን የአባቴን ቮልስዋገን 1300 ከሥራ መልስና በእረፍት ቀናት ግቢያችን ውስጥ ማደስ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ቦዲዋን ከሻሲዋ ለይቼ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን አውርጄ፣ ፓራፋንጎዎቹን ፈትቼ የላሜራ ሥራው ወደ ማለቁ ደርሷል። ከእንግዲህ የሚቀረው መልሶ መግጠም ነው፤ ነገር ግን ሲፈቱ የተሰበሩት፣ በዝገት የተበሉትና በመጋዝ የተቆረጡት ብሎኖች ከመብዛታቸው የተነሳ በምን እንደምገጥማት ግራ ገብቶኛል።

የመጀመሪያ ሙከራዬ በጥፋት ነው ያለቀው። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያስሩትን ዳዶዎች ለመተካት ገበያ ወጥቼ «ባለ 10 ዳዶ» ብዬ ስጠይቅ ከቶዮታ የወጡ፣ ንጹሕና ጠንካራ የሚመስሉ ዳዶዎች ተሰጡኝ። ከታች ካሉት ሁለት ስተዶች (አንድ ጫፋቸው ብሎኩ ውስጥ የተቀበረ፣ ጭንቅላት የሌላቸው ብሎኖች) በአንዱ ላይ ዳዶውን በጣቴ ሳዞረው ሁለት ዙር ያህል ገባና ቆመ። ዝገት ይዞት ይሆናል ብዬ በቁልፍ ገፋሁት፤ ጥቂት ሄዶ ጨርሶ ተነከሰ። ወደ ኋላ ልፈታው ስል ደግሞ ዳዶው ስተዱን ለቅቆ በመውጣት ፈንታ ስተዱን ራሱን ከሞተሩ ብሎክ ነቅሎ ይዞት ወጣ፤ በስተዱ ላይም የብሎኩ ጥርስ እንደ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞበት አየሁ። አባቴ 20 ዓመት የነዳት መኪና ናትና ያን ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ለእንዲህ ያለች መኪና ትክክለኛዎቹን ብሎኖች፣ ዳዶዎችና ሮንዴላዎች ከየት ብገዛ ይሻላል? ሁሉንም አዲስ በማይዝግ ብረት ብተካቸው ለዘለቄታው አይጠቅምም ወይ? ከምናለሽ ተራ የሚገኙት ያገለገሉ ብሎኖችስ ይታመናሉ?

መልስ፦ ጋራዥ 30 ዓመት

ወንድሜ፣ በደረሰው ነገር አዝኛለሁ፤ ብሎክህ ግን የሚድን ነው። የቮልስ ብሎክ የማግኒዚየም ቅይጥ በመሆኑ ጥርሱ ለስላሳ ነው፤ የተበላውን ቀዳዳ ጥሩ ቶርኖ ቤት አስፍቶ የብረት እጅጌ ጥርስ (ውስጡም ውጭውም ጥርስ ያለው አጭር ቱቦ) ያስገባበታል፣ ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያውም ይጠነክራል። በእጅ ድሪል ራስህ እንዳትሞክረው አደራ፤ ቀዳዳው በጥቂቱ ከዘመመ ሞተሩና ካምቢዮው ፊት ለፊት አይገጥሙም።

አሁን ዳዶው ለምን እንደነከሰ ልንገርህ፤ ይህን ካወቅህ ግማሹ ችግርህ ይቀላል። የጀርመኑም የጃፓኑም ብሎን በሚሊ ሜትር የተሠራ ስለሆነ ብዙ ሰው አንድ ናቸው ብሎ ያስባል። ኤም 6 እና ኤም 8 ላይ (ቁጥሩ የብሎኑ ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው) እውነት ነው፤ በሁለቱም አገር ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ለኤም 6 አንድ ሚሊ ሜትር፣ ለኤም 8 ደግሞ 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ኤም 10 ላይ ሲደረስ ነው፦ ቶዮታ በብዛት የሚጠቀመው 1.25 ሲሆን የአንተ ቮልስ ደግሞ 1.5 ነው። ውፍረታቸው እኩል ስለሆነ አፉ ላይ ይቀበላል፤ ሁለት ሦስት ዙር ሄዶ ጥርስ ከጥርስ ሲጋጭ ይቆማል። በጣት የቆመን ዳዶ በቁልፍ መግፋት ማለት አንዱን ጥርስ በሌላው መቁረጥ ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ በዓይን ለመለየት ቁልፉ ራሱ ይረዳሃል። የድሮው የጀርመን ኤም 8 በ13 ቁልፍ፣ ኤም 10 በ17 ቁልፍ ይፈታል፤ የጃፓኑ ኤም 8 በ12፣ ኤም 10 በ14 ነው። ሆኖም 17 ቁልፍ የገባበትን ሁሉ የጀርመን ነው እንዳትል፤ የጃፓኑ ኤም 12 በተለምዶ 17 ስለሆነ ውፍረቱንም በካሊበር ለካው። ከዚህ ሌላ በኢንች የተሠራው 5/16 የሚባለው ብሎን 7.94 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው ከኤም 8 ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ተቀላቅሎ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ እርሱም ልክ እንደዚያኛው ጥቂት ዙር ሄዶ ይነክሳል። እኔ ገበያ ስወጣ ከራሷ ከቮልስ የወጣ ጤነኛ ብሎንና ጤነኛ ዳዶ ሳልይዝ አልወጣም። የምገዛውን አንድ በአንድ በጣቴ እስከ መጨረሻው አዙሬ፣ ሳይከብደኝ ካለፈ ብቻ ነው የምቀበለው፤ ባለ ሱቁ ቢሰለችም ይታገሠኛል።

ከየት ይገዛ ላልከው፣ መልሱ ብሎኑ ምን እንደሚይዝ ይለያያል። ፓራፋንጎው፣ ፓራውርቶው፣ የእግር መርገጫውና ቦዲውን ከሻሲው ጋር የሚያስሩት አብዛኞቹ ኤም 8 ስለሆኑ ሶማሌ ተራ ካሉ ሱቆች አዲስ ወይም ከቶዮታ የወጣ ንጹሕ ብሎን ብትገዛ አይጎዳህም፤ ቁልፉ 12 ከመሆኑ በቀር ልዩነት አታይበትም። ለቦዲው ማሰሪያ ግን ሰፋፊዎቹንና ወፍራሞቹን ሮንዴላዎች አትተዋቸው፤ ትንሽ ሮንዴላ ካደረግህበት ላሜራው በጊዜ ብዛት ይቀደዳል።

ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማና የኋላ አክስል ላይ ግን ከምናለሽ ተራ ሳጥን ምንም እንዳታስገባ። ያገለገለ ብሎን ምን ያህል ተስቦ እንደነበር፣ ማን በምን ቱቦ እንዳጠበቀው ማንም ሊነግርህ አይችልም። የጎማዎችህ ብሎን ኤም 12 በ1.5 ነው፤ የቶዮታም የጎማ ስተድ ጥርሱ ያው ስለሆነ ሰዎች ያመሳስሉታል። ነገር ግን የቮልስ ኦሪጅናል ቸርኬ የብሎኑ መቀመጫ እንደ ኳስ የከበበ ነው፤ ሾጣጣ መቀመጫ ያለው ብሎን ብታስገባበት የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ እየነዳህ ይላላል። የኋላ አክስል ዳዶ ደግሞ በ36 ቁልፍ፣ ወደ 300 ኒውተን ሜትር በሚጠጋ ኃይል ይጠብቃል፤ ይህም አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚቆልፈው ሽቦ) ቀዳዳ አልገጥም ካለህ ጨምረህ አጥብቀው እንጂ በፍጹም አታላላው።

መልስ፦ የብረት መሐንዲስ

ጋሼ በዝርዝር ያስረዱትን ሳልደግም ስለ ብረቱ ጥራትና ስለ ማይዝገው ብረት ጥያቄዎ ጥቂት ልጨምር።

በብሎን ጭንቅላት ላይ 8.8 ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር ብረቱ ሊበጠስ የሚችልበትን መጠን ያመለክታል፤ ይህም 800 ሜጋ ፓስካል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ 80 በመቶ ላይ፣ ማለትም 640 ላይ ሲደርስ ተስቦ ወደ ቦታው የማይመለስ መሆኑን ይናገራል። 10.9 ከሆነ 1000 እና 900 ይሆናል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ከዚህ ቁጥር ጋር የአምራቹም ምልክት እንዲታተም ስለሚያስገድድ፣ ቁጥር ብቻ ኖሮት የአምራች ምልክት የሌለውን ብሎን እኔ ደረጃ እንደሌለው ነው የምቆጥረው። ለፓራፋንጎ ቢሆን ግድ አይሰጠኝም፤ ለመሪ ግን አልገዛውም። ዳዶም የራሱ ቁጥር አለው፤ ለ8.8 ብሎን 8 የተጻፈበትን ዳዶ ይፈልጉ።

የማይዝገውን ብረት በተመለከተ ሐሳብዎ ከቅን ልብ እንደመጣ ይገባኛል፤ ሆኖም ሁሉንም በእርሱ እንዳይተኩ አጥብቄ እመክራለሁ። በየሱቁ የሚገኘውና ኤ2-70 የሚል ጽሑፍ ያለው ብሎን መበጠሻው 700፣ መሳቢያው ግን 450 ያህል ብቻ ስለሆነ 8.8ን ሊተካ አይችልም። በዚህ ላይ የማይዝግ ብረት ከማግኒዚየም ወይም ከአሉሚኒየም ጋር ተገናኝቶ እርጥበት ሲያገኝ የሚበላው ብሎኑ ሳይሆን የሞተርዎ ብሎክ ነው። የማይዝግ ዳዶ በማይዝግ ብሎን ላይ ያለ ቅባት ሲጠብቅም ሁለቱ ተጣብቀው በመጋዝ ካልሆነ የማይላቀቁበት ጊዜ አለ። ለታርጋ ማሰሪያና ለመሰል ጌጦች ይጠቀሙበት፤ ለቀሪው በዚንክ የተቀባ ተራ ብረት ይበቃል።

የመቀመጫ ቀበቶ ለመጨመር ካሰቡ ደግሞ ማሰሪያው በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ 7/16 ኢንች፣ በኢንች 20 ጥርስ ያለው ስለሆነ ሚሊ ሜትር ብሎን እንዳያስገቡበት ይጠንቀቁ።

መልስ፦ የኮልኙ

ወንድሜ፣ እኔ ጀርመን አገር ሆኜ እንደ አንተዋ ያለች ቮልስ አድሻለሁ፤ ከሁሉ በፊት የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። የፈታሃቸውን ብሎኖች የት አደረግሃቸው? ጥለሃቸው ካልሆነ አትጣላቸው። ፋብሪካው የገጠማቸው ብሎኖች እንደ ካማክስ ባሉ አምራቾች የተሠሩ፣ ምልክታቸው ከ50 ዓመት በኋላም በግልጽ የሚነበብ ነው። ጥርሱ ያልተበላና አንገቱ ያልቀጠነ ከሆነ፣ ምልክት ከሌለው አዲስ ብሎን የአባትህን አሮጌ ብሎን አምናለሁ። ኮምጣጤ ውስጥ አሳድራቸው፣ በማግስቱ በሽቦ ብሩሽ ፈትጋቸው፣ በውኃ አጥበህ ወዲያው አድርቀህ ዘይት ቀባቸው። ሞተሩ ውስጥ ያሉትን የማገናኛ ዘንግ (ቢየላ) ዳዶዎች ግን ደግመህ አትጠቀም፤ የ10.9 ብሎኖችንም አሲድ ውስጥ አታስገባ፣ ብረቱ ሊሰባበር የሚችል ይሆናልና።

ጠያቂ፦ የአባቴ ቮልስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ብሎኩን ዛሬ ጠዋት ቶርኖ ቤት አድርሼዋለሁ፤ ባለሙያው እርስዎ እንዳሉት በእጅጌ ጥርስ እንደሚመልሰው ነግሮኛል።

አሮጌዎቹን ብሎኖች እግዚአብሔር ይመስገን አልጣልኳቸውም፤ እናቴ ከሰጠችኝ የእንጀራ ሊጥ ማቡኪያ ባልዲ ውስጥ ከነዝገታቸው ተከምረው ነበር። ትናንት ማታ ኮምጣጤ ውስጥ ያሳደርኳቸውን ዛሬ ስፈትግ ጥቁሩ ዝገት ተነሥቶ ጭንቅላታቸው ላይ ካማክስ የሚለው ጽሑፍ ፊደል በፊደል ወጣልኝ። ከቆጠርኳቸው 112 ብሎኖች ውስጥ 71ዱ በጣቴ ዳዶ እስከ መጨረሻው ያዞሩ፣ ጥርሳቸው ሙሉ የሆነ ነው። ስለዚህ የምገዛው ካሰብኩት ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ የፓራፋንጎዎቹን ጎዶሎ ኤም 8 ቅዳሜ ናሙናዬን ይዤ ሶማሌ ተራ ሄጄ አሟላለሁ።

እስካሁን ያላገኘሁት የጎማውን ብሎን ነው። ከ20ዎቹ ሰባቱ ጥርሳቸው ስለተበላና አንዳንዶቹም ሾጣጣ ሆነው ስለተገኙ፣ ኳስ መቀመጫ ያለው ኤም 12 በ1.5 ሙሉ ስብስብ እዚህ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ቢጠቁመኝ ውለታው ትልቅ ነው።

መልስ፦ የኮልኙ

እዚህ የአሮጌ ቮልስ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች አዲሱን 20 ፍሬ በቀላሉ አገኛለሁ፤ ለጥምቀት ስለምመጣ በሻንጣዬ ይዤልህ እመጣለሁ። እስከዚያ ግን ከቸርኬዎችህ አንዱን የብሎን ቀዳዳ በቅርበት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ከመኪናዋ ዕድሜ አንጻር ቀደም ሲል በሌላ ተቀይረው ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ መቀመጫው በእርግጥ የከበበ መሆኑን አይቼ ነው የምገዛው።